የአደን መክፈቻው ሰኞ ቀጠሮ

ዴልፊያ ከትሊፕ የሄምሎክ ቤንድ ትምህርት ቤቶች የአውቶቡስ ጋራዥ ስትደርስ ግሌና ቢሮዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ደግ ምልክት አልነበረም። ግሌና የሾፌሮቹ አለቃ ናት፤ የምሥራች ሲኖራት ከወንበሯ ሳትነሳ ከውስጥ ትጮኻለች፣ ክፉ ወሬ ሲሆን ግን በር ድረስ ወጥታ ትቀበላለች።

"ግቢ ዴልፊ፣ ቁጭ በይ።"

"ቆሜ ልስማው።"

"እሺ። መንጃ ፈቃድሽ ደህና ነው፣ ዓይንሽም ደህና ነው። የደም ግፊትሽ ከኔ ይሻላል ተብሏል፤ እሱ ትንሽ ቅር ብሎኛል። የፖሊሱ ማጣሪያ ግን…" ጋራዡ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም ባይኖርም ግሌና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የመያዣ ትዕዛዝ አለብሽ።"

"ምን አለብኝ?"

"የመያዣ ትዕዛዝ፣ ከወረዳው ፍርድ ቤት። ቀጠሮ ተሰጥቶሽ ስትቀሪ ዳኛው ፖሊስ ይዞ ያቅርባት ብሎ አዝዞብሻል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።"

ዴልፊያ የወረዳውን ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመት የነዳች ሴት ናት። በጀት የለም ተብሎ አገልግሎቱ እስኪቆም ድረስ በእነዚያ ጠመዝማዛ ተራሮች ላይ መጽሐፍ የጫነውን ትልቅ አውቶቡስ ከበር በር ስታዞር ኖራለች። የመመለሻ ቀን አሳልፎ መጽሐፍ የመለሰ ሁሉ፣ ሰባኪውም ቢሆን፣ ከእሷ ግሣጼ አያመልጥም ነበር። አሁን እሷ ራሷ ቀን አሳልፋ ተገኘች።

"ስህተት ይሆናል" አለች።

"ይሆናል። እኔ ግን የፓንተር ሊክን የተማሪ አውቶቡስ መስመር ትዕዛዝ ላለበት ሰው ልሰጥ አልችልም። እስከ ነገ ቀትር ድረስ መነሳቱን የሚያሳይ ወረቀት ካመጣሽ ቁልፉ ያንቺ ነው። ካልሆነ ከወዲያኛው ሸለቆ የሚመጣ ሰው አለ። እሱን መቅጠሬ ነው።"

ዴልፊያ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ሥራውን ምን ያህል እንደምትፈልገው ለማንም አልተናገረችም። ማስታወቂያውን ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ አንብባ ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር። ደጃፏ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ ሄዳ ደገመችው። በየማለዳው በየመታጠፊያው ቆመው የሚጠብቋት ልጆች ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ማንም ጠብቋት አያውቅም።

"ነገ አመጣዋለሁ" አለች።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነገሩ ትዝ አላት። የጉዳዩ መነሻ ጋጣ ውስጥ የቆመው የባሏ የኦኪ ፒክአፕ ነው። የግራ የኋላ መብራቱ ተሰብሮ ነበር፤ እሷ ይዛው ወጥታ ድልድዩ አጠገብ አንድ ለአገሩ አዲስ የሆነ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማት። በትሕትና ክሱን ጽፎ፣ ቀጠሮዋ ሰኞ መሆኑን ነግሮ ሸኛት። ኦኪ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ለአዳኞቹ እራት ባቄላ ስትቀቅል፣ መብራቱን ከጎረቤታቸው ከሆበርት ጋር ሠራው። ማታ ስትመለስ ክሱን አሳየችው።

"ሰኞ ይላል" አለችው።

"የትኛው ሰኞ?"

"ነገ።"

ኦኪ ሳቀ። ነገ የአጋዘን አደን መክፈቻ ነበር። በዚያ ሰኞ በእነዚያ ተራሮች ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የእንጨት መሰንጠቂያው ይዘጋል፣ ባንክ ቤቱም ከአንዲት አሮጊት በቀር ሰው የለበትም። ፍርድ ቤቱ በዚያ ቀን አይሠራም፤ ይህን የትም የጻፈው የለም፣ መጻፍም አላስፈለገም፣ ማን ይጠይቃል? "ተሳስተው ነው፤ ማክሰኞ ደውለሽ ሌላ ቀን ያዥ" አላት።

ሰኞ ኦኪ ከሆበርት ጋር በእግሩ ወደ ተራራው ወጣ። ሰኞ ማታ ደረቱን አመመው፤ ሳይነጋም አረፈ። ማክሰኞ ዴልፊያ ብዙ ቦታ ደወለች፤ ፍርድ ቤቱ ግን ከእነዚያ አንዱ አልነበረም።

ቤቷ ደርሳ ኮቷን ሳታወልቅ ስልኩን አነሳች። ፍርድ ቤት ስልክ የምታነሳው የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ሬቫ ናት፤ አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው።

"ዴልፊ ነኝ።"

"እሰይ፣ መቼ ትደውል ይሆን ስል ነው የከረምኩት።"

"ታውቂ ነበር ማለት ነው?"

"የኔ እመቤት፣ አንቺ ላይ ብቻ መሰለሽ? የዚያን ቀን ቀጠሮ የነበረው ሰው ሁሉ ላይ ወጥቷል። ዳኛ ሃምሪክ ጉልበቱን ተቀዶ ተኝቶ ነበር፤ ምትክ ዳኛ ከከተማ መጣ። እኔና እሱ ባዶ ችሎት ውስጥ ተቀመጥን። ስም ይጠራል፣ ዝም። ሌላ ስም ይጠራል፣ ዝም። 'ይህ ምን ዓይነት ወረዳ ነው?' አለኝ። 'ክቡር ዳኛ፣ ዛሬ እኮ አጋዘን ነው' አልኩት። የማሾፍበት መሰለው መሰለኝ፤ ለቀሩት ሁሉ ትዕዛዝ ፈረመ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያን ክረምት ልንገርሽ? ኋላ ደግሞ አንቺ ሰው አታናግሪም ነበር።"

እውነት ነው። ዴልፊያ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። "እና ብመጣ ታስሩኛላችሁ?"

"በገዛ እግሩ የመጣን ሰው ማን ያስራል? የሚታሰረው ፖሊስ ፈልጎ ያገኘው ነው። ነገ ጠዋት ያለ ቀጠሮ የመጣ ሰው ይሰማል። ስምሽን ትሰጪኛለሽ፣ እጠራሻለሁ፣ ለምን እንደቀረሽ ለዳኛው ትናገሪያለሽ፣ ትዕዛዙን ያነሳዋል። የመብራቱ ክስ የሚዘጋው ግን መብራቱ ከተሠራ ነው፤ እሱ ካልተዘጋ ንጹህ ወረቀት አልሰጥሽም። ስለዚህ መኪናውን ይዘሽ ነይ። ሃምሪክ በዓይኑ ያላየውን አያምንም።"

"ፒክአፑን?"

"የተከሰሰው እሱ አይደል እንዴ?"

ፒክአፑ አሮጌው ጋጣ ውስጥ ነው። ኦኪ ካቆመበት አልወጣም። ዴልፊያ ሰሌዳውን በየዓመቱ ታሳድሳለች፤ እሁድ እሁድም ገብታ ሞተሩን አስነስታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ተቀምጣ፣ አጥፍታ ትወጣለች። ለምን እንደምታደርገው ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቢጠይቃትም ባትሪው እንዳይሞት ነው ትለው ነበር።

በሩን ከፍታ ጎማውን ስትነካካ ሆበርት በአጥሩ በኩል መጣ። እጁ ላይ ቋሊማ ተከቶበት የተጋገረ ዳቦ ይዟል፤ ያለ ምግብ ወሬ አይሰማም።

"ሬቫ ነገረችኝ" አለ። "ወንጀለኛ ጎረቤት እንዳለኝ ባውቅ አጥሬን ከፍ አደርገው ነበር።"

"አንተም አለብህ አሉ።"

"የኔ ድርቆሽ ነው። ሳላስረው ጭኜ መንገድ ላይ ተበተነ። ድርቆሽ መበተን ያስከብራል። አንቺ ግን መብራት… ለሴት ልጅ ያሳፍራል።"

"ስለዚህ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ፀጉርህን ልትቆረጥ ስትሄድ መኪናህን ከእህል መደብሩ ጀርባ የምትደብቀው?"

ሆበርት ዳቦውን ገመጠ። "በሌላ ወረዳ ያለ የአጎቴ ልጅ በፈቃዱ ፍርድ ቤት ገብቶ ካቴና አጥልቀውለታል።"

"ያ ልጅ በር ሰብሮ ነበር፣ ሆበርት።"

"ቢሆንም። የእስር ቤት ፍራሽ ለወገቤ አይስማማም።"

ዴልፊያ የመብራቱን ቀይ ክዳን በጣቷ ጠረገችው። ከአሮጌ ትራክተር ላይ የተፈታ ነው፤ ከሌላኛው ትንሽ ይሰፋል። "ኦኪ ሠርቶታል አይደል? አብረኸው ነበርክ።"

"ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ይበራል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።" ሆበርት ወደ ጫማው አየ። ከንፈሩ ዳር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። "ስለ ሽቦው ተጨቃጭቀን ነበር እንጂ መብራቱስ ይበራል።"

"ስለ ሽቦው ምን?"

"ነገ ስትነጂው ታዪዋለሽ" ብሎ በመጣበት ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ዴልፊያ ሰማያዊ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ፒክአፑን ከጋጣው አወጣችው። ሞተሩ ሳይለግም ተነሳ። የጠጠሩ መንገድ ከዋናው ጋር የሚገናኝበት ስትደርስ ፍሬን ያዘች፤ ክላክሱ ጮኸ።

እጇን ከመሪው ላይ አነሳች። መሃሉን አልነካችውም። እግሯን ለቀቀች፣ ዝም አለ። ደግማ ያዘች፣ ጮኸ። እየሳበ የሚያስነጥስ በሬ የመሰለ፣ አሮጌ፣ ወፍራም ድምፅ ነው። ተራራው ተቀብሎ መለሰው።

ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቁልቁለትና መታጠፊያ ብቻ ነው፤ ያለ ፍሬን የሚወረድ አንድም ቦታ የለውም። በዚያ አገር ደጃፍህ ላይ ክላክስ ከተነፋልህ ወጥተህ እጅህን ታነሳለህ፤ አለመውጣት ብልግና ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምሮ ሰው መውጣት ያዘ። አንዲት ሴት ሊጥ ባለበት እጇ መጋረጃውን ገልጣ አወዛወዘች። ሁለት ሰዎች ከአንድ ጣሪያ ላይ መዶሻቸውን ከፍ አደረጉ። ቀጥሎ ካለው ቤት ሽማግሌው ሴሲል ከወንበሩ ተነሳ፣ ፒክአፑን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። የምትነዳውን ሲለይ መልሶ ደፋውና በሁለት እጁ አውለበለበ።

ዴልፊያ መጀመሪያ ላይ ፊቷን ወደ መንገዱ አደረገች። ሦስተኛው ቤት ላይ አንድ ጣት ከመሪው አነሳች። የእንጨት መሰንጠቂያው ጋ ሠራተኞቹ ሁሉ በር ላይ ወጥተው ስታያቸው ሙሉ እጇን ሰጠቻቸው። ድልድዩ ላይ፣ ያ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆማት ቦታ ላይ፣ ሳቅ አመለጣት። ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀችው መቼ እንደነበር ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ ፍሬን መያዝ ነበረባት።

በመስታወቱ ስታይ የሆበርት መኪና ከኋላዋ አለ። ያቺን በገና ብቻ የሚለብሳትን ኮት ለብሷል። ከሱ ኋላ ሴሲል፣ ከሴሲል ኋላ ከመሰንጠቂያው የወጡ ሁለት መኪኖች።

የከተማው አንድ ለናቱ የሆነው የመንገድ መብራት ቀይ ሆኖ ጠበቃት። ዴልፊያ ፍሬኑን ይዛ ቆመች፤ ክላክሱም ሳያቋርጥ ጮኸ። ከእህል መደብሩ ወንዶች ወጡ። ከፀጉር ቤቱ አንዱ ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ ወጣ። የወረዳው ፖሊስ ትሮይ ከመኪናው ወርዶ ወደ መስኮቷ መጣ። የሆበርት የእህት ልጅ ነው፤ በልጅነቱ የዳይኖሰር መጽሐፍ ስትሰጠው ኖራለች።

"እትዬ ዴልፊያ፣ ክላክሱን ቢተዉት።"

"ፍሬኑን ስለቅ ይተዋል።"

"ታዲያ ይልቀቁታ።"

"ቀይ ነው፣ ትሮይ። ቁልቁለት ላይ ነኝ። የእጅ ፍሬኑ አይዝም።"

ትሮይ መብራቱን አየ፣ ቁልቁለቱንም አየ። "እውነት ነው" አለ፤ ለመሰማት እየጮኸ።

"የመያዣ ትዕዛዝ አለብኝ። ወደ ፍርድ ቤት እየሄድኩ ነው።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ። ለኔ ነበር የተሰጠኝ።" ጣቶቹን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አደረገ። "በቀብሩ ዕለት ኪሴ ውስጥ ነበር። ሳጥኑን ከተሸከምነው አንዱ እኔ ነበርኩ። ኮቴ ውስጥ ሲኮሰኩሰኝ ዋለ። ማታ ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ መሳቢያውን አልከፈትኩም።"

ዴልፊያ ቀና ብላ አየችው። ልትናገር የፈለገችው ነገር ከክላክስ በላይ የሚጮህ አልነበረም።

"አረንጓዴ ሆነ" አለች። "አመሰግናለሁ፣ ልጄ።"

ከእህል መደብሩ አንዱ "ወዴት ነው የሚሄደው ሰልፍ?" ሲል ጮኸ። ሆበርት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ወደ ችሎት። የመክፈቻው ሰኞ ሰዎች ኑ" አለ። ዱብ ዱብ እያሉ ከእግረኛ መንገዱ ሰዎች ወረዱ። ግማሽ ፂም የነበረው ሰው ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ ተከተለ።

ዳኛ ሃምሪክ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ከዘራ ያስቀምጣሉ። ያ ችሎት በዚያ ሰዓት ሦስት ሰው ሲያይ ብዙ ነው። አሁን ወንበር ጠፍቶ ሰው ግድግዳ ተደግፏል። ሬቫ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ስም ጠራች።

ዴልፊያ ማታ ያጠናችው ንግግር ነበራት፤ ፊታቸው ስትቆም አንዱም ቃል አልቀረም።

"ወይዘሮ ከትሊፕ፣ በቀጠሮዎ ለምን አልቀረቡም?"

"የአጋዘን መክፈቻ ነበር፣ ክቡር ዳኛ።"

"ያድናሉ?"

"አላድንም።"

"እና?"

"ፍርድ ቤቱ አይሠራም ብዬ ነው።"

"ማን ነገረዎት?"

"ባለቤቴ።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ኦኪ" አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። "ያን ሰኞ ጉልበቴን ባልቀደድ እኔ ራሴ የት እንደምገኝ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ወረቀቱ ሰኞ ካለ ሰኞ ነው። የተጠራጠረ ይደውላል። ምትክ ዳኛው የሠሩት ሕጉን ነው፤ እሳቸው ላይ የሚያሾፍ ሰው በዚህ ችሎት እንዳልሰማ።" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "በራስዎ ፈቃድ ስለቀረቡ ትዕዛዙ ተነስቷል። አሁን መብራቱ። ተሠርቷል?"

"ባለቤቴ ሠርቶታል።"

"ሲበራ አይተውታል?"

"አላየሁትም። እሱ ሠርቼዋለሁ ብሎኛል።"

"እንሂድና እንየዋ።" ከዘራቸውን አነሱ።

ችሎቱ በሙሉ ተከትሏቸው ወደ ማቆሚያው ወጣ። ሬቫ መዝገቡን ታቅፋለች። ዴልፊያ ወደ መኪናው ገብታ እግሯን ፍሬኑ ላይ ከማሳረፏ በፊት ቆም አለች። ከኋላ ሆና መብራቱ ሲበራ አይታው አታውቅም፤ ካልበራ ከቀትር በኋላ የፓንተር ሊክ ልጆች የሌላ ሰው ናቸው።

"ክቡር ዳኛ፣ ጆሮዎን ግን…"

"ይርገጡ" አሉ ዳኛው።

ረገጠችው። ከፍርድ ቤቱ ጣሪያ ርግቦቹ በአንዴ ተነሱ። ዳኛው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ከመብራቱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆሙ። ዴልፊያ በመስታወቱ የምታየው የሰዎቹን ፊት ብቻ ነበር፤ ሁሉም ፊት ላይ ቀይ ብርሃን አርፎበታል።

"በርቷል" አሉ ዳኛው። "ጻፊ፣ ሬቫ።"

"ክላክሱንስ ልጻፈው?"

"ክሱ ስለ ክላክስ ይናገራል?"

"አይናገርም።"

"እንግዲያው እኔም አልሰማሁም።" ከዚያ ትንሽ አሰቡ። "ለመዝገቡ ያህል አንድ ጊዜ ይድገሙት።"

ደገመችው። መጀመሪያ የሳቁት ዳኛው ናቸው፤ ያለ ድምፅ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ማቆሚያው በሙሉ ሳቀ። ሴሲል የፒክአፑን ጎን ይዞ ነው ያልወደቀው።

"አረንጓዴው ሽቦ ነው ብዬው ነበር" አለ ሆበርት እንባውን እየጠረገ። "ኦኪ ቢጫው ነው ብሎ ድርቅ አለ። ሲጮህ ደግሞ ከኔ በላይ የሳቀው እሱ። ከአደን ስመለስ ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ አለ።"

"ሆበርት" አሉ ዳኛው። "አንተስ ምን እግር ጣለህ?"

ሆበርት ኮቱን አስተካከለ። "ድርቆሽ ነው፣ ክቡር ዳኛ።"

"ግባ። ሁላችሁም ግቡ።"

ያን ጠዋት ሬቫ ስም ጠርታ አልጨረሰችም። እያንዳንዱ ቀርቦ ለምን እንደቀረ ሲጠየቅ አንድ መልስ ሰጠ፤ በኋላማ ዳኛው መጠየቁን ትተው ሰውየውን ብቻ ያዩት ጀመር፣ ሰውየውም "አጋዘን" ይልና ትዕዛዙ ይነሳል። ካቴና ያየ ማንም የለም። ትሮይ በሩ ላይ ቆሞ ለሚወጣው ሁሉ በሩን ከፈተ።

ዴልፊያ ማኅተሙ ያልደረቀ ወረቀት ይዛ ስትወጣ ሆበርት ፒክአፑ ጋ ጠበቃት።

"እንግዲህ ቅዳሜ መጥቼ ሽቦውን ላስተካክልልሽ።"

"ተወው።"

"በየቦታው እየጮኸ ሊኖር?"

"ተወው አልኩህ፣ ሆበርት።"

ሆበርት አላስጨነቃትም። ከኮቱ ኪስ ሌላ ዳቦ አውጥቶ ግማሹን ሰጣት፤ ቆማ በላችው።

ወደ አውቶቡሱ ጋራዥ ስትታጠፍ ክላክሱ ቀድሟት ደረሰ። በሩ ላይ ማንም አልቆመም። ከቢሮው ውስጥ ግን የግሌና ጩኸት ተሰማ፦ "ዴልፊ፣ ሬቫ ደውላልኛለች። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው፤ ሰኞ ማለዳ እንዳታረፍጂ።"

"የትኛውም ሰኞ ቢሆን?" አለች ዴልፊያ።

ከውስጥ የግሌና ሳቅ መጣ።

ዴልፊያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቁልፉን ከሚስማሩ አውርዳ በመዳፏ ያዘችው። ረጅሙ ቢጫ አውቶቡስ በሰልፉ ዳር ቆሟል። በሩን ከፍታ ወጣች፣ ወንበሩን ለቁመቷ አስተካከለች፣ መስታወቱ ውስጥ ባዶዎቹን መቀመጫዎች እስከ መጨረሻው ድረስ አየች። ከዚያ ወርዳ ወደ ፒክአፑ ተመለሰች፤ መንገድ ስለዘጋ ወደ ጥላው ጠጋ ማድረግ ነበረባት። ጥላው ጋ ስትደርስ ፍሬኑን ያዘች፤ ከሚያስፈልገው ትንሽ ረዘም አድርጋ።